ሽንኩርት ያልገባባት ድስት

እናቴ ወይኒ ውሻ አትወድም ነበር። አሁንም አልወድም ትላለች፤ ስትዋሽ ግን ጆሮዋ ይቀላል፣ እኔ ደግሞ ልጇ ነኝና አውቃታለሁ። ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ ከምንኖርባት ቤት ጋር በአንድ በር በምትገናኝ ጠባብ ክፍል ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። እኔ፣ ፍዮሪ፣ ኦሎምፒያ ያለ አንድ ቢሮ ቀኑን ሙሉ ስልክ ሳነሳ እውላለሁ። የማላውቀውን ሰው ብሶት ስሰማ ውዬ ስገባ፣ ቤት ደግሞ የእናቴ ግትርነት ይጠብቀኛል።

ግትር ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። የአንድ ቀሚስ ስፌት ጫፉ ላይ ትንሽ ዞሮ ካየች፣ "ኧረ እማ፣ ማንም አያየውም" ብላት፣ "እኔ አይቼዋለሁ" ትልና ከላይ እስከ ታች ትተረትረዋለች። ከአዲግራት የመጣችው በልጅነቷ ነው፤ አባቴ ከሞተ በኋላ እኔን ያሳደገችኝ በዚያችው የስፌት መኪና ነው። ለምናም ሆነ ተማርራ አይቻት አላውቅም። የምትቆጣው በእኔ ላይ ብቻ ነው፣ በቃ።

ነገሩ የጀመረው ካዛንቺስ የፈረሰ ጊዜ ነው። እትዬ እጸገነት እዚያ ተወልዳ፣ እዚያው አርጅታ የኖረች የእናቴ ጓደኛ ናት። ወጣት ሆነው በአንድ ልብስ ስፌት ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው መኪና ረግጠዋል። ሰፈሩ ሲነሳ ለእሷ ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳት፣ አራተኛ ፎቅ። ዕቃ በተጫነበት ቀን ውሻዋ ሸጋ የስካቫተሩን ድምፅ ስትሰማ ደንብራ ጠፋች። አይሱዙው ደግሞ ውሻ እስክትገኝ አይጠብቅ። እትዬ እጸገነት ውሻዋን ሳታገኝ ሄደች።

ከሳምንት በኋላ እያለቀሰች ደወለች። "ወይንዬ፣ ሸጋ ተመልሳ እዚያው ፍርስራሹ ላይ ተኝታለች አሉኝ። ግቢ ያለው ቤት እስካገኝ ብቻ ያዢልኝ። አደራሽን።"

እናቴ ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ አጉረመረመች። ውሻ ነክቼ እንዴት ጸሎት ላይ እቆማለሁ፣ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ፀጉሩ ጨርቁ ላይ ይቀራል፣ ምኑ ቅጡ። እያጉረመረመች ነጠላዋን ለበሰች፣ ዳቦ ቆርሳ በፌስታል ያዘች፣ ወጣች። አደራ የሚለው ቃል አንዴ ጆሮዋ ከገባ ወዲያ ወሬ የለም።

ሸጋን ያገኘቻት የእትዬ እጸገነት የግቢ በር በነበረበት ቦታ ነው። በሩ የለም፣ አጥሩ የለም፣ ውሻዋ ግን በሩ ፊት እንደምትተኛው አድርጋ ተኝታለች። ስሟ ሸጋ ይሁን እንጂ ዳለቻ፣ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ፣ አጥንቷ የሚቆጠር ነገር ነበረች። እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዳቦውን በትንሽ በትንሹ እየጣለች ጠበቀቻት። ስትቀርባት ማሰሪያ አልነበራትም፤ ከአንገቷ የማትለያትን የልብስ መለኪያ ሜትር አውልቃ አሰረቻት። ታክሲ ልትሳፈር ብትል ወያላው "ማዘር፣ ውሻ አንጭንም" አላት። ከካዛንቺስ ቡልጋሪያ ድረስ በእግሯ፣ በሜትር እየሳበች መጣች። ቤት ስትገባ የመጀመሪያ ቃሏ "ቅንድብ የምትነቅይበትን አምጪ" የሚል ነበር። መዥገሩ አንገቷን ሞልቶት ነበር። ያንን መንቀያ ዳግመኛ አልነካሁትም።

ሸጋ ከስፌት መኪናው ስር ቦታ ያዘች። መኪናው ሲንኳኳ ትተኛለች፣ ሲቆም ቀና ብላ እናቴን ታያለች። እናቴ የተቀቀለ ሳምባና አጥንት ታበላት ነበር፣ ውሻዋም መልክ ማውጣት ጀመረች። ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

እኛ ቤት ጾም የሁሉም ነው። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ አጥንት የለም፣ ስለዚህ ሸጋም የኛኑ ፍትፍት መብላት ጀመረች። ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ በየቀኑ። የእናቴን ሽሮ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሽንኩርቱ ከሽሮው ይበዛል። "ትጹም" ትላለች ሳህኑን እያስቀመጠችላት፣ "እሷም የሠራችው አይጠፋም።" እንስቅ ነበር። ስንት ቤት እንዲሁ አይደል የሚደረገው?

ጾሙ ሲጋመስ ሸጋ መነሳት ተወች። መጀመሪያ እርጅና ነው አልኩ። ከዚያ ምግብ ሸሸች፣ ትንፋሿ ፈጠነ፣ ሽንቷ ጠቆረና ሻይ መሰለ። እናቴ ከንፈሯን ገልጣ ብታይ ድዷ ነጭ ወረቀት ሆኗል። ያንን ያየች ጊዜ ለትምህርት ቤት የቆረጠችውን ጨርቅ ዘርግታ ጠቀለለቻት፣ እኔ ወደ እንስሳት ክሊኒክ የሚወስደን ላዳ ታክሲ አስቆምኩ። ሹፌሩ በመስታወት እያየን "ልጁ ምን ሆኖ ነው?" ሲል ሸጋ ጭራዋን ከጨርቁ አወጣች። ወሎ ሰፈር እስክንደርስ ሰውየው መስኮቶቹን ከፍቶ ነዳ።

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሀኒ የምትባል ወጣት ናት። ደም ወሰደች፣ ሆዷን ነካካች፣ ከዚያ ወንበር ስባ እናቴ ፊት ተቀመጠች።

"ምንድን ነው የሚያበሏት እናቴ?"

"እኛ የምንበላውን" አለች እናቴ፣ በኩራት ነው የተናገረችው። "አንድ ቀን ለይቼባት አላውቅም።"

"አሁን ጾም ነው። እንግዲህ ሽሮ ነዋ?"

"ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር። በደንብ ሽንኩርት የገባበት ነው፣ ውሃ አይደለም የምሰጣት።"

ዶክተር ሀኒ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እኔ ያኔ ነው የፈራሁት። "ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ቀይ ደሟን ይሰባብረዋል። አንድ ቀን ቢሆን ታልፈው ነበር። በየቀኑ ሲሆን ግን፣ በዚያ ላይ መዥገሩ አስቀድሞ ደሟን ጨርሶታል።"

"እኔ ነኝ ማለት ነው" አለች እናቴ።

"ሳያውቁ ነው እኮ። ብዙ ሰው ነው የማያውቀው።"

"ባላውቅም። እጄ ነው።"

ዶክተሯ እውነቱን አልደበቀችም። ደሟ በጣም ወርዷል፣ የምትሰጣት ደም የለም፣ ግሉኮስና መርፌ ታደርጋለች፣ ጉበት መብላት አለባት፣ ካልበላች ግን አትቆይም። እንዳትሰቃይ ከተፈለገ በመርፌ ማስተኛትም ይቻላል አለች። እናቴ "ምን ማስተኛት?" አለች፣ እኔ በጆሮዋ አስረዳኋት። ቀና ብላ ሐኪሟን አየቻት፤ አልተቆጣችም።

"የሰው አደራ ናት፣ የኔ ልጅ። የኔ ብትሆን እንኳን እንጃ። አሁን ጉበቱ እንዴት እንደሚቀቀል ንገሪኝ።"

እንግዲህ በሁዳዴ ጉበት ከየት ይመጣል? ሰፈራችን ያሉት የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ተዘግተዋል። ከአስፋልቱ ማዶ የኑሪ ሥጋ ቤት አለ፤ እናቴ ዘመኗን ሙሉ በደጁ አልፋለች፣ ሰላምታ ሰጥታዋለች፣ ዩኒፎርም ለልጆቹ ሰፍታለች፣ ሥጋ ግን ገዝታ አታውቅም። የእስላም ሥጋ እኛ ቤት አይገባም። ኑሪም ይህንን ስለሚያውቅ በሩ ላይ ስትቆም ደጅ ወጥቶ ሊያናግራት ተነሳ።

"እትዬ ወይኒ፣ ለዩኒፎርሙ ነው? ልጆቹ ነገ ይመጣሉ።"

"ጉበት ፈልጌ ነው።"

ኑሪ እኔን አየ፣ እሷን አየ። "ሁዳዴ እኮ ነው" አለ፣ የረሳች መስሎት።

"ለውሻ ነው። ታማብኝ።"

ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ ወድቀው ነበር። ኑሪ ከንፈሩ ደርቋል፣ እናቴም ገና እህል አልቀመሰችም። ጉበቱን ሚዛን ላይ ሲያስቀምጥ ሳቁ መጣ። "እኔ ጾመኛ፣ እርስዎ ጾመኛ። በሊታዋ ውሻዋ ብቻ ናት ማለት ነዋ።" እናቴም ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉበቱን ለማንም ሳይሸጥ ለይቶ ያስቀምጥላት ነበር፣ ስናልፍም ከውስጥ "ሕመምተኛዋ እንዴት አደረች?" ይላል። ውሻ ሊነካ አይፈልግም፣ ሱቁ ደጃፍም እንድትደርስ አይወድም፤ ግን ሳይጠይቅ ያሳለፈን ቀን የለም።

እናቴ ለዚሁ ብላ አዲስ ትንሽ ድስት ገዛች። ድስቷ ወጥ ቤት አትገባም፤ ከሰል ምድጃው ጋር ደጅ ነው የምትኖረው። እናቴ ጉበቱን ቀቅላ፣ ከትፋ፣ በጣቷ ትሰጣታለች፣ ከዚያ እጇን በሎሚና በሳሙና እስኪላጥ ትታጠባለች። ሽታው ግቢውን ሞላው። የጽዋ ማህበሯ ሴቶች ከኑሪ ቤት ፌስታል ይዛ ስትወጣ አይተዋታል፣ ጉበት ሲቀቀል አሽትተዋል፣ ወሬው ከኛ ቀድሞ ቤተክርስቲያን ደርሷል። ወይኒ ጾም ፈታች፣ ያውም በእስላም ሥጋ። እኔ ሄጄ ልሳደብ ተነሳሁ። "ተቀመጪ" አለችኝ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ራሷ የንስሐ አባቷ ፊት ቆመች፣ እኔም አጠገቧ ነበርኩ።

"አባ፣ ላስፈቅድ አይደለም የመጣሁት። ከሰው ከሚሰሙ ከኔ ይስሙ ብዬ ነው። ደጄ ላይ ጉበት ይቀቀላል። እኔ አልቀምስም። ውሻ ታማብኝ ነው።"

አባ መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። "ድስቱን ለይተሻል?"

"ለይቻለሁ።"

"በይ፣ እግዜር ይማርልሽ።"

ለሰው የሚባለውን ነው ያሉት። ተሳስተው ይሁን አስበው አላውቅም። እናቴ ግን በመንገድ ላይ ሁለቴ ደገመችው፣ ይማርልሽ አሉኝ እያለች።

ቀጥሎ የመጣው ቅጣት የኔ ነበር። እናቴ ከቤቱ ውስጥ ያለውን ሽንኩርት በሙሉ ለቅማ ለጎረቤት ሰጠች። "ፍርፋሪ ይወድቃል" አለች፣ አለቀ። ሽንኩርት የሌለው ሽሮ በልታችሁ ታውቃላችሁ? የመጀመሪያ ቀን ሳህኑን ገፋሁት። "የታመመችው እሷ ናት፣ እኔ ምን በደልኩ?" አልኳት። "ጓለይ" አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው፤ ትግርኛ የምታመጣው ወይ ስታዝን ወይ ሲመራት ነው። "ዝም ብለሽ ብዪ።" ጾሙ እስኪያልቅ ያንኑ በላሁ። አፌ ውስጥ እንደ ጭቃ ነበር፣ አልዋሽም።

ሸጋ ግን አልበላም አለች። ጥርሷን ትገጥማለች። እናቴ ጎን ለጎኗ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ጉንጯን በጣቷ ከፍታ፣ ትንሽ ጉበት አስገብታ፣ ጉሮሮዋን እያሻሸች እስክትውጥ ትጠብቃለች። ግማሹን ትተፋዋለች። የተፋችውን ጠርጋ እንደገና ትጀምራለች። በየሁለት ቀኑ ወሎ ሰፈር እንመላለሳለን፤ ዶክተር ሀኒ ድዷን ታይና መርፌ ትወጋታለች። የዩኒፎርሙ ሥራ ተከመረ። ሰሞነ ሕማማት ሲገባ ውሻዋ ቀና ማለትም አቃታት፣ እናቴም ከስግደቱ እየመጣች በደከመ ጉልበቷ እዚያው መሬት ላይ ትቀመጣለች። በዚያው ሳምንት እትዬ እጸገነት ደወለች።

"ሸጋዬ እንዴት ናት?"

"አለች" አለች እናቴ። ጆሮዋ ቀላ።

ስልኩን ስታስቀምጥ አላስቻለኝም። አንጀቴ ነው ያረረው፣ ለውሻዋ ሳይሆን ለእናቴ። "እማ በቃ" አልኳት። "ማለቴ፣ የምትችይውን አድርገሻል። ዶክተሯም ነግራሻለች። ልቀቂያት።"

እናቴ እጇን ከሸጋ አንገት ላይ አላነሳችም። "እናቴ ስትታመም መንገዱ ተዘግቶ ነበር" አለች። ይህንን እኔ አውቃለሁ፤ በጦርነቱ ጊዜ አዲግራት መሄድም መደወልም አልተቻለም፣ የአያቴን ሞት የሰማነው ከተቀበረች ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እናቴ ስለሱ አውርታ አታውቅም፣ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። "ያኔ ብፈልግም መሄጃ አልነበረኝም። አሁን መንገዱ ክፍት ነው እኮ ፍዮሪ። እስከ ኑሪ ቤት ክፍት ነው፣ እስከ ሐኪሟ ክፍት ነው። መንገድ ክፍት ሆኖ ዝም ብዬ አልቀመጥም።"

በማግስቱ ጉበቱን እኔ መክተፍ ጀመርኩ።

ስቅለት ዕለት እናቴ ቀኑን ሙሉ ስትሰግድ ውላ በአሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ቤት ገባች። ውሃ እንኳን አልቀመሰችም። ድስቷን ከምድጃው አውርዳ፣ ጉበቱ እስኪበርድ ሳህኑን አጠገቧ አድርጋ፣ ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሸጋ አንገቷን ዘረጋች። መጀመሪያ የእናቴን እጅ ላሰች፣ ከዚያ አፍንጫዋን ሳህኑ ላይ አደረገችና ማንም ሳይከፍትላት፣ ማንም ሳያሻሻት፣ በላች። ቀስ ብላ ነው የበላችው፣ ግን ጨረሰች። ሳህኑ መሬቱ ላይ ሲንኳኳ እናቴ ዓይኗን ገለጠች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች፣ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ። በሳምንቱ ዶክተር ሀኒ ከንፈሯን ገልጣ ድዷን አየች፤ ሮዝ ነበር። ለኑሪ ስንነግረው "አልሐምዱሊላህ" አለና ቢላውን አስቀምጦ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

የፋሲካን ዶሮ እናቴ ሽንኩርቱን ፈርታ ጎረቤት ቤት ነው የሠራችው። እንግዳ ሲገባ ሰላምታ ሳትሰጥ "ለውሻዋ የወጥ አጥንት የሚጥል እዚህ ቤት ሁለተኛ አይበላም" ትል ነበር። አንዱ ቢረሳና ቢጥል ከሸጋ አፍ ውስጥ እጇን ከትታ አወጣችው፣ ሸጋም እያየቻት ፈቀደችላት።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እትዬ እጸገነት ደወለች። ወንድሟ ግቢው ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ለቆላታል፣ ግቢ አላት፣ ቅዳሜ ሸጋን ልትወስድ ትመጣለች። እኔ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆምኩት። "ትታት የሄደችው እሷ! ያወጣሻት አንቺ፣ ያዳንሻት አንቺ። እንዴት ነው የምትሰጫት?" እናቴ የዩኒፎርም ኪስ እየለጠፈች "መርፌውን አቀብዪኝ" አለችኝ።

ቅዳሜ እትዬ እጸገነት ገና ከበሩ ስትገባ ሸጋ ከመኪናው ስር ተስፈንጥራ ወጣች። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። ደስታው ሽንቷን አስለቀቃት፣ ሴትየዋም እዚያው ሽንቱ ላይ ተንበርክካ አቀፈቻት። እናቴ እስኪጨርሱ ጠበቀች፣ ከዚያ ሳትቀመጥ ተናገረች።

"እጹ፣ ስልክ ላይ አለች ያልኩሽ ውሸት ነበር። ልትሞት ነበር። ያሳመምኳት እኔ ነኝ፣ ሽንኩርት አብልቼ።" ከሽሮው እስከ ጉበቱ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።

እትዬ እጸገነት ሰምታ ስትጨርስ እንባዋን ጠረገች። "አንቺ ጋ ትሁን ወይንዬ። እኔ ጥያት ሄጄ አንቺ ከሞት አውጥተሻት እንዴት እወስዳታለሁ? ያንቺ ናት።"

እናቴ ምን ያህል እንደፈለገቻት እኔ አውቃለሁ። "አዎ" በይ እያልኩ በሆዴ ለመንኳት።

"አንቺ ሰፈርሽን አጥተሽ፣ ጎረቤትሽን አጥተሽ፣ እኔ ውሻሽን ይዤ ልቅር?" አለች እናቴ። "አደራ ነው ያልሽኝ። ይኸው አደራሽ።" ደጅ ወጥታ ትንሿን ድስት ይዛ መጣች። እንደ መስታወት አሽታታለች። "በዚህች ነው የሚቀቀልላት። ሽንኩርት ዝር እንዳይልባት። በጾምም በፍስክም።"

ማሰሪያ የገዛላት ስላልነበረ በዚያው ሜትር አስራ ሰጠቻት። እትዬ እጸገነት "ሜትርሽን" ስትላት "ሌላ እገዛለሁ" አለች። ሸጋ ጭራዋን እየቆላች ከሴትየዋ ጋር ወጣች። ዞር ብላም አላየችን። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እናቴ ወደ መኪናዋ ተመለሰች፣ የተከመረውን ዩኒፎርም እስኪመሽ ሰፋች። መኪናውን ባቆመች ቁጥር ወደ ታች ታያለች፣ ከዚያ መልሳ ትረግጣለች። ስትጨርስ እራት ሠራች። ያን ቀን ጠዋት ሽሮ አምሮኛል ብያት፣ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ገዝቼ ወጥ ቤት አስቀምጬ ነበር። ሽሮው ቀረበ። አንድ ጉርሻ በላሁና አፌ ውስጥ ያው የጾሙ ጭቃ ሆነብኝ።

"እማ፣ ሽንኩርቱስ?"

"ፍርፋሪ ይወድ..." አለችና ከስፌት መኪናው ስር አየች።

እኔም አየሁ። ከዚያ እንጀራዬን ቆርሼ ሽሮውን እስከ መጨረሻው በላሁት።